ዝርዝሩ የሚወጣው ከቀበሌ ነው

ቦኖሻ የሻሾጎ ወረዳ ከተማ ናት። በገበያ ቀን በርበሬና በቆሎ ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ጉዳይ ካለው ሸቀጡን ሸጦ ሲጨርስ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጎራ ይላል። ከእነዚህ ባለጉዳዮች መካከል ዐይነ ስውር አባቱን እጁን ይዞ፣ ወይም መራመድ የማትችል ልጁን አዝሎ፣ «የአካል ጉዳተኛ ድጋፍ የሚሰጠው የት ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል። በአገራችን አንድ ሰው የአካል ጉዳት ስላለበት ብቻ በየወሩ የሚከፈለው አበል የለም። «የአካል ጉዳት አበል» የሚል መስኮት ቦኖሻ ላይ የለም፤ ሆሳዕናም ዱራሜም የለም፤ አዲስ አበባም ቢሄዱ አይገኝም።

ይህ ማለት ግን ምንም የለም ማለት አይደለም። ያሉት ድጋፎች በሌላ ስም የተቀመጡ ናቸው፤ መግቢያቸውም ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው «ከደመወዝህ የጡረታ መዋጮ ይቆረጥ ነበር ወይ?» ይላል። ሁለተኛው «ቤትህ ውስጥ መሥራት የሚችል ሰው አለ ወይ?» ይላል። ሁለቱም «ምን ሆነህ ነው?» ብለው አይጀምሩም። ብዙ ቤተሰብ የሚጉላላው እዚህ ላይ ነው፤ የሐኪም ወረቀት ይዞ ወረዳ ይመላለሳል፤ ጉዳዩ ግን የሚወሰነው ከወረዳው በፊት ሌላ ቦታ፣ በሌላ መስፈርት ነው።

የሕጉ መሠረት ከላይ ጀምሮ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት አቅም በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 28 የማኅበራዊ ጥበቃ መብትን ይደነግጋል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ወጥቷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሻሾጎ ያለው ገበሬ ደጃፍ ድረስ የደረሰው አንድ ነገር ነው፤ ሴፍቲኔት። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን የደመወዝተኛውን መንገድ ባጭሩ ላሳይ፤ የሀዲያና የከምባታ ልጅ ለሥራ ከአገሩ የሚወጣ ነውና ይነካዋል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። በሁለቱም ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ወይም አደጋ መሥራት ያልቻለ ሰው 10 ዓመት ካገለገለ የጤና ጉድለት ጡረታ በየወሩ ይከፈለዋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ጊዜ ዳረጎት ተሰጥቶት ይሰናበታል። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ግን የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። ጉዳቱ ቢያንስ 10 በመቶ መሆኑ በሕክምና ቦርድ ከተረጋገጠ መሥራት ለሚችለው የጉዳት ዳረጎት፣ መሥራት ለማይችለው ወርኃዊ የጉዳት ጡረታ አለ። መቶኛውን የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ወይም አንድ ሐኪም ብቻውን አይወስንም። ቦርዱ ፊት ለመቅረብ የአሠሪው ደብዳቤ ስለሚያስፈልግ አደጋው የደረሰ ዕለት በጽሑፍ መመዝገቡ ከሁሉ ይቀድማል።

ከባዱ ነገር መዋጮ የማይቆረጥለት የቀን ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ከዚህ አካባቢ የወጡ ሰዎች ለብዙ አሠርት ዓመታት ወንጂና መተሐራ የስኳር አገዳ ሲቆርጡ ኖረዋል፤ ዛሬ ደግሞ ወጣቱ አዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ነው ያለው። ከእንጨት መወጣጫ ወድቆ ወገቡን የተጎዳ ልጅ ብዙ ጊዜ ለሕክምና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ተሰጥቶት፣ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ጉዳዩ ግን በዚያ የሚዘጋ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጡረታ ያልተሸፈነለት ሠራተኛ ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ አሠሪው የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ እንዲከፍለው ያስገድዳል፤ ጉዳቱ ከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ ይሰላል። የሚያሸንፈው ማስረጃ ያለው ነው። የጽሑፍ ውል ከሌለ ምስክር ይቆጠራል፤ የፎርማኑ ስም፣ አብረው ይሠሩ የነበሩ ልጆች ስልክ፣ ሳይቱ የሚገኝበት ሰፈር። አንድ ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ካርድ ክፍልም ሐኪሙም «ምን ሆነህ ነው?» ብለው ሲጠይቁ «ወደቅሁ» ብቻ አይባልም። «ሕንፃ ሥራ ላይ ሳለሁ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቅሁ» ተብሎ ይጻፍ። በኋላ ክርክር ሲነሳ ያቺ አንዲት መስመር ከብዙ ምስክር ትበልጣለች።

አሁን ወደ ገጠሩ። ሕዝቡ «ሴፍቲኔት» የሚለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ተጀመረ። አምስተኛው ምዕራፉ በ2013 ሲጀመር በመላ አገሪቱ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ለመድረስ አቅዶ ነበር። ሻሾጎ ዝናብ ሲጠፋ በድርቅ፣ ሲበዛ ደግሞ ወደ ቦዮ ሐይቅ በሚወርደው ጎርፍ የሚጎዳ ወረዳ ስለሆነ ፕሮግራሙ ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። አብዛኛው ተጠቃሚ እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠገነ ነው ድጋፉን የሚያገኘው፤ ስሌቱም ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ነው። ይህ ሥራ በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት 6 ወራት ይካሄዳል። መሥራት የሚችል ሰው የሌለው ቤተሰብ ግን ሥራ ሳይጠየቅ ያገኛል፤ ይኸኛው «ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ» ይባላል። ከአራተኛው ምዕራፍ፣ ከ2008 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ለ6 ወር የነበረው ለ12 ወር ሆነ፤ አያያዙም ከግብርና ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ተሸጋገረ። መጠኑ ሲታሰብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ወይም የዚያኑ ተመጣጣኝ ጥሬ ገንዘብ ተብሎ ነው።

ሻሾጎ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው። በዚያው ዘመን በዩኒሴፍ ድጋፍ ቀጥታ ድጋፍን ከጤና፣ ከሥነ ምግብና ከትምህርት አገልግሎት ጋር ለማገናኘት የሙከራ ሥራ ሲጀመር በያኔው የደቡብ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ሻሾጎ ነበር፤ ሌላው ጎረቤቱ ሃላባ። ማኅበራዊ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ተጠቃሚውን ጤና ጣቢያ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያገናኙ ነበር። እግሩ የማይሄድለት ሰው ጽሕፈት ቤት እስኪመጣ ከመጠበቅ ወደ እሱ መሄድ፣ ለእኔ የዚህ ሁሉ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው።

የቀጥታ ድጋፍ መስፈርት በደንብ ካልተያዘ ሰው ያጣላል። ሦስት ጎረቤታሞችን እናስብ። አንደኛዋ ሁለት እግሯ የማይታዘዝላት፣ ባሏ የሞተባት፣ የ10ና የ12 ዓመት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ሁለተኛዋ ልክ እንደሷው ናት፤ ግን ባሏ ጤነኛ ነው። ሦስተኛው እንደነሱው እግሩ የተጎዳ፣ ከሁለት ጎልማሳ ወንድሞቹ ጋር የሚኖር፣ ወንድሞቹ በሬ ያላቸው ሰው ነው። የሦስቱም ጉዳት አንድ ነው። የመጀመሪያዋ ቤት ለቀጥታ ድጋፍ ትታጫለች። የሁለተኛዋ፣ ድሃ ከሆኑ፣ ባልየው እየሠራ የሚያገኝ ቤተሰብ ሆኖ ይመዘገባል። የሦስተኛው ምናልባት ጭራሹን ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የሚመዘነው ቤቱ ነው፤ ምግብ ይጎድለዋል ወይ፣ ጉልበት አለው ወይ፣ የሚረዳው ሌላ ሰው አለ ወይ ይባላል።

ኬንያ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጽኑ የአካል ጉዳት ኖሮበት ሙሉ ቀን ተንከባካቢ የሚያስፈልገው ሰው ላለበት ድሃ ቤተሰብ በወር 2,000 ሽልንግ የሚሰጥ ፕሮግራም አላት። የሆሳዕና ወጣቶች በብዛት የሚሰደዱባት ደቡብ አፍሪካም በሐኪም ምርመራ ላይ የተመሠረተ የአካል ጉዳት ድጎማ ትከፍላለች። በእነዚህ አገሮች ጥያቄው የሚነሳው ከሰውየው ጉዳት ነው፤ እኛ ዘንድ የሚነሳው ከቤቱ ጉልበት ነው። ገንዘቡ ትንሽ፣ ሐኪሙ ሩቅ በሆነበት አገር የጉልበት መስፈርት አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ ጎረቤት ሊመሰክርበት ይችላል። ጉድለቱ ደግሞ ሦስተኛው ሰውዬ ላይ ይታያል። ክራንች የሚገዛው፣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የባጃጅ ወይም የፈረስ ጋሪ የሚከፍለው፣ እሱን ለማንሳትና ለማስተኛት አንድ የቤተሰብ አባል ከሥራ የሚቀረው በወንድሞቹ ኪሳራ ነው። ይህን ወጪ የሚቆጥር መስፈርት የለንም። ሊኖረን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ እስኪኖረን ድረስ ግን ሰው ባለው ሕግ መጠቀም አለበት።

ዝርዝሩ እንዴት ይወጣል? በመጀመሪያ በጎጥ ደረጃ ነዋሪው የመረጣቸው ሰዎች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ከልማት ሠራተኛውና ከቀበሌ ተወካይ ጋር ሆነው የድሃ ድሃውን ይለያሉ። ይህ ኮሚቴ ያወጣው ስም በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ሕዝቡ ያጸድቃል፣ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ከዚያ ወደ ቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል፣ ወደ ቀበሌ ምክር ቤት፣ በመጨረሻም ወደ ወረዳ ይሄዳል። ቦኖሻ ሲደርስ ወረቀቱ የተሞላ ነው። ወረዳው ኮታ ያከፋፍላል፣ ያረጋግጣል፣ ቅሬታ ያያል፤ ስም ፈልጎ የሚያገኘው ግን ጎጡ ነው። ስለዚህ ስሙ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው ዋና ቀኑ ዛፍ ሥር ስብሰባ የሚጠራበት ቀን ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ የሚታየው አዲሱ የሥራ ወቅት ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ ከመስከረም በኋላ ጆሮን ማቆም ያስፈልጋል።

ችግሩ በስብሰባው ላይ መገኘት የሚከብደው ያው ድጋፉ የሚገባው ሰው መሆኑ ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወንበር የለም፤ መስማት ለተሳነው ሰው የሚያስተረጉም የለም። ሆሳዕና ላይ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ስላለ በዚህ አካባቢ የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች አሉ፤ በየጎጡ ግን አይደሉም። ከዚህም የባሰው ጭራሽ ያልታየ ሰው ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባትን ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ጎረምሳ ጓዳ አስቀምጦ እንግዳ ሲመጣ በር የሚዘጋ ቤተሰብ እስከ ዛሬ አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተመዘገቡ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያ ግምት 17.6 በመቶ ነው። የአቆጣጠሩ ስልት ልዩነት አለበት፤ የተዘጋው በርም አለበት። ቆጣሪ ያላየውን ሰው የጎጥ ኮሚቴም አያየውም።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ራሱ መምጣት የማይችል ሰው የሚናገርለት ይላክ፤ ጎረቤት፣ የዕድር ዳኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሽማግሌ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ። እሷ ቤት ለቤት ስለምትዞር ማን ቤት ማን እንደተኛ ታውቃለች። የሚነገረው ነገርም ይለያል። ኮሚቴው ሊሰማ የሚገባው የበሽታውን ስም አይደለም። «መሬታችንን ለእኩል ሰጥተናል፤ የሚያርስ የለንም። ውኃ የምትቀዳው የ11 ዓመት ልጅ ናት። በሬ የለንም፤ ያለችን አንዲት ፍየል ናት» የሚል ንግግር መስፈርቱን ይመታል። በደጋው የሀዲያና የከምባታ ቀበሌዎች የእግር እብጠት ያለበት ሰውም እንዲሁ ነው፤ ቆሞ ስለሚሄድ ጤነኛ ይመስላል። በወር ስንት ቀን እሳት እንደሚለቅበት፣ በነዚያ ቀናት እርሻ መውጣት እንደማይችል ካልተነገረ እርከን ሥራ ላይ ይመደባል።

በዚህ አካባቢ አንድ ሌላ ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። «ልጁ ደቡብ አፍሪካ ነው» ይባላል። መስፈርቱ የቤተሰብ ድጋፍ አለ ወይ ብሎ ስለሚጠይቅ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሽማግሌን ከዝርዝር ታወጣለች። አንዳንዴ ትክክል ነው፤ የሚላከው ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶታል። አንዳንዴ ግን ልጁ ከሄደ ጀምሮ ስልክ አልደወለም፤ ለመንገዱ የተበደሩት ዕዳ አባቱ ጫንቃ ላይ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ስለሚደርስ ድጋፍ ነው፤ ውጭ አገር ሰው ስለመኖሩ አይደለም። በስብሰባው ላይ ይህን ለይቶ ማስረዳት፣ ዕዳውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች እንዲናገሩ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስሙ የገባ ሰው የተጠቃሚ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ የቤተሰቡ አባላት ቁጥርና የተከፈለው እየተሞላ ይሄዳል፤ መብቶቹም በጽሑፍ አሉ። ካርዱ በነጻ ነው፤ «ለፎቶ፣ ለማኅተም» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም። ድጋፉ ሙሉ መጠኑ ይሰጣል፤ ተጠቃሚው ለመቀበል ከ3 ሰዓት የእግር መንገድ በላይ መጓዝ የለበትም። ራሱ መሄድ ለማይችል ሰው ወኪል ይመዘገባል። ወኪሉ የሚታመን ሰው ይሁን፤ በወሰደ ቁጥርም ካርዱ ላይ የተሞላውን ማንበብ የሚችል ልጅ ለባለቤቱ ያንብብለት። ብሬል የማያውቅ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ስንት እንደተከፈለው የሚያውቀው በዚህ ነው።

በዝርዝሩ ያልገባ ሰው ደግሞ አቤት ይበል። በየቀበሌው ከመራጩ ኮሚቴ የተለየ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሊኖር ይገባል። ቅሬታውን በአፍ ማቅረብ ይቻላል፤ ሆኖም በግማሽ ገጽ ወረቀት ጽፎ፣ ቀን አስገብቶ፣ አንዱን ቅጂ ማስቀረት ይሻላል። ወረቀቱ ላይ የቤተሰቡ አባላት ስምና ዕድሜ፣ መሥራት የማይችለው ማን እንደሆነ፣ ያለ መሬትና ከብት፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ሆኖ የገባ ቤተሰብ ካለ እሱም ይጠቀስ። ሌላውን ለማስወጣት ሳይሆን መስፈርቱ እኩል እንዲሠራ ነው የሚጠቀሰው፤ ይህን በግልጽ መናገር ከጎረቤት ጋር ከመቀያየም ያድናል። ቀበሌው ካልፈታው ወደ ወረዳ ይቀጥላል። የሐኪም ማስረጃ ጠቃሚ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ «ጤነኛ ነው» የሚል ክርክር ከተነሳ። ሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ግን ያለ ክርክር ለጎጥ ምርጫ ብቻ ብሎ ተበድሮ ሆሳዕና መውጣት አያስፈልግም።

ከሴፍቲኔቱ ጎን የጤና መድኑ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦችን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለው፤ የእነዚህም ስም የሚወጣው ከቀበሌ ነው። የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ሆኖ የመድን ደብተር የሌለው ሰው ሳይውል ሳያድር ይጠይቅ። ሰው ሠራሽ እግርና የእግር ድጋፍ የሚሠራ ማዕከል በደቡብ አርባ ምንጭ አለ፤ መጓጓዣውና ማረፊያው ብዙ ጊዜ ከአገልግሎቱ ይበልጥ ስለሚከብድ የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ከሚረዳ ድርጅት ጋር ያገናኝ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በመጨረሻ ብዙዎችን ሳይዘጋጁ የሚያገኛቸው አንድ ጉዳይ አለ። ቤቱ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ የገባው ልጆቹ ትንንሽ ስለነበሩ ነው እንበል። ትልቋ ልጅ 18 ሲሞላት ለመዝጋቢው መሥራት የምትችል አዋቂ ሰው ሆነች፤ ቤተሰቡም ወደ ሥራ ተጠቃሚነት ሊዛወር ይችላል። እሷ ግን ከትምህርት የቀረችው እናቷን ለማጠብ፣ ለማንሳት፣ ለማጉረስ ነው፤ እርከን ሥራ ከዋለች እናትየው ብቻዋን ትውላለች። ይህ ዓመታዊ ዝርዝሩ ሲታይ፣ ልጅቷ 18 ከመሙላቷ በፊት፣ ለጎጡ ኮሚቴና ለማኅበራዊ ሠራተኛው ይነገር። እናትየው ቀኑን ሙሉ ሰው እንደሚያስፈልጋት፣ ልጅቷ የዚያ ቤት ብቸኛ ተንከባካቢ እንደሆነች በስሟ ይመዝገብ። ካልሆነም ከቤት ብዙ የማያርቅ ቀላል ሥራ፣ ለምሳሌ የሥራ ቦታ ሕፃናት ጥበቃ፣ እንዲመደብላት ይጠየቅ፤ ኮሚቴው ከተዛወሩ በኋላ ከመመለስ ሳይዛወሩ ማስቀረቱ ይቀለዋል።